ልጄ ያላነበበችልኝ ገጽ

ካርቱም ውስጥ ብዙ ነገር ፈርቼ አውቃለሁ። ወረቀት የሌለውን ከመንገድ እያፈሰ የሚወስደውን ከሻ ፈርቻለሁ። የቤት ኪራይ ጭማሪ ፈርቻለሁ። ስልክ ሲጠራም ሳይጠራም እፈራለሁ። መጽሐፍ እፈራለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ልጄ ያኔ በአገራችን ልጆች ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ናት። ከወሎ በጀርባዬ አዝዬ ያመጣኋት ልጅ ስለሆነች አማርኛዋ የተሰበረ ነው። እኔ በአማርኛ አናግራታለሁ፣ እሷ በዐረብኛ ትመልሳለች፤ እንዲሁ እንግባባለን። እኔንም «ዩማ» ነው የምትለኝ፣ እንደ ሱዳን ልጆች። ታላቅ ወንድሟ አርካዊት ሰፈር ዳቦ ቤት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ለእኔ ሳይነግር ከደላላ ጋር ወደ ሊቢያ ወጣ። ከዚያ አንዴ ደውሎ «ደርሻለሁ እናቴ፣ አብሽሪ» አለኝ። ይኸ ከረመዳን በፊት ነው። ዒድ አለፈ፣ ሌላው ዒድም አለፈ፣ ስልኩ ግን ዝም እንዳለ ቀረ። በሕይወት ይኑር አይኑር ሳላውቅ ነበር የምውል የማድረው።

በዚህ መሀል የአማርኛ መምህሩ ለልጆቹ አንድ አጭር ልብ ወለድ ፎቶ ኮፒ አድርጎ አከፋፈለ። ሞት አለበት ተባለ። ወላጆች ተንጫጩና ስብሰባ ተጠራ።

ቅመም የሚነግድ አንድ አባት ቀድሞ ተነሣ። «መምህር፣ የእኔ ልጅ ውሃ አምጣ ስለው በዐረብኛ ሞያ ነው የሚለኝ! ውሃን ሳያውቅ ልብ ወለድ ልታስነብበው ነው? መጀመሪያ ውሃውን አስተምርልኝ!»

ሰው ሳቀ። መምህሩም ሳቀ፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ወጣት ነው። እኔ አልሳቅሁም። በስብሰባ እጄን አንሥቼ የማላውቀው ሴትዮ ያን ቀን አነሣሁ።

«መምህር፣ እነዚህ ልጆች ናቸው» አልኩት። «ሐዘን የልጅ ምግብ አይደለም። ሲያድጉ ራሱ ይመጣባቸው የለ? እርስዎን ምን አስቸኮለዎት?»

«አማርኛው እንደሚከብዳቸው አውቃለሁ፣ እናቴ። ሐዘኑ እንደሚከብዳቸው ግን በምን አወቁ?»

«እናት ነኛ።»

«እንግዲያው ከልጅዎ ጋር አብረው ያንብቡት። አንብበው አይሆንም ካሉኝ ከሁሉም ልጆች እሰበስበዋለሁ» አለ።

የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ፊደል ለይቼ አውቃለሁ፤ አንድ መስመር እስክጨርስ ግን የመስመሩ መነሻ ይጠፋኛል። ይህንን እዚያ ሁሉ ሰው ፊት አልተናገርኩም። እሺ ብዬ ወጣሁ።

እንዲህ አድርገን አነበብን። ዓርብ ሥራ የለኝም። ከዐሱር ሰላት በኋላ ጥላው ግቢውን ሲይዘው አልጋ እናወጣለን፤ እሷ ወረቀቶቹን ትይዛለች፣ እኔ ምስር እለቅማለሁ። ፊደሉ የእሷ ነው፣ ቃሉ የእኔ። ሁለታችን አንድ አንባቢ ነበርን ማለት ይቻላል።

«ዩማ፣ ነዶ ምንድን ነው?»

«ታጭዶ የታሰረ እህል፤ በእቅፍ የሚያዝ።»

«አውድማስ?»

«እህሉ የሚወቃበት ቦታ። በሬ ይነዱበታል።»

«ለምን ማኪና የላቸውም?»

«እስቲ ግዢላቸዋ! ያላ፣ ቀጥዪ።»

ታሪኩ የአንዲት ባሏ የሞተባት ገበሬ ሴት ነው። አንድ ልጇ ሰሊጥ አጨዳ ለመቀጠር ወደ ቆላ ወርዷል። አዝመራ ደርሶ ልጁ ሳይመለስ ቀረ። ሴትዮዋ ብቻዬን እንዴት እሆናለሁ ስትል ጎረቤቶቿ ሳትጠራቸው መጡ። አጨዱላት፣ ከመሩላት፣ ወቁላት። በድንበር ተጣልቷት የከረመ ሰውዬ እንኳ በሬውን ይዞ መጣ። ሴትዮዋ ደስ ብሏት «ዘንድሮ ምን አግኝታችሁብኝ ነው እንዲህ የወደዳችሁኝ?» እያለች ትቀልድባቸዋለች። እነሱ አይስቁም፤ አንገታቸውን ደፍተው ይሠራሉ።

እጄ ምስሩ ላይ ቆመ። እኔ የዚያ አገር ሰው ነኝ። ሰው እንዲህ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እኛ ዘንድ መርዶ እንደተሰማ አይነገርም። አራስ ከሆነች እስክትጠነክር፣ መንገደኛ ከሆነ እቤቱ እስኪገባ፣ አዝመራ ከሆነ እህሉ ጎተራ እስኪገባ ይደበቃል። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ። እስከዚያው አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሞተባት ብቻ አታውቅም።

«ዩማ?» አለች ልጄ።

«ቀጥዪ።»

ወደ ወረቀቱ አየች። እኔን አየች። ገጹን ገለጠችና ማንበብ ጀመረች። ልጁ በር ላይ ቆሞ «እናቴ!» አላት። ጎረቤቶቹ መምጣቱን ቀድመው ሰምተው ኖሮ ድንገት ደስ ይበላት ብለው ነው የደበቋት። ሴትዮዋ አቀፈችው። ከሰሊጡ ሰጣት። ከላስ፣ አለቀ።

ተነፈስኩ። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ፣ ለሰው ልጅ እንጂ ለወረቀት የሚባል ባይሆንም። ያን ማታ ከብዙ ጊዜ በኋላ እህል በላሁ።

በቀጣዩ ረቡዕ ከሥራ ቀርቼ ልጄን ላደርስ ስሄድ መምህሩን በሩ ላይ አገኘሁት። «መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አንብበነዋል። አይሰብስቡት። አስፈርቶኝ ነበር እንጂ ልጁ በሰላም መመለሱ መልካም ነው» አልኩት።

«የትኛው ልጅ?»

«የሴትዮዋ ልጅ ነዋ፣ ሰሊጥ አጨዳ የወረደው።»

ቀስ ብሎ «እናቴ፣ ያነበበችልዎ ልጅዎ ናት?» አለኝ።

«አዎ።»

«ልጁ አይመለስም። ቆላ ወባ ገድሎታል። እህሉ ከገባ በኋላ ያረዷታል።» ቀጥሎም «በክፍል ውስጥ ታሪኩ የገባው አለ ወይ እያልኩ ስጨነቅ ነበር፤ ለካ ልጅዎ ገብቷታል» አለ።

ለእሱ ደስ የሚል ነገር ነበር፤ መምህር ነዋ። የእኔ ሐሳብ ግን ሌላ ጋ ሄደ። ልጅ እንዲህ ለእናቷ ውሸት ፈጥራ የምታነበው ምን ብታውቅ ነው? ያን ገጽ ስታነብ አንድም ቃል አልጠየቀችኝም ነበር። ያኔ አላስተዋልኩትም። ቃሉ ሁሉ የራሷ ቃል ነበርና ምን ብላ ትጠይቀኝ!

ሃፍላ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ወደ ሰፈራችን ወደ ሳጃና ስመለስ የራሴ ቤት እንደ መጽሐፉ ሆነብኝ። ዐማራት ሰፈር የቤት ሥራ የምሠራላት ማዳም ባለፈው ሳምንት «ደክሞሻል፣ ቀደም ብለሽ ሂጂ» ብላኝ ነበር። መቼ ብላኝ ታውቃለች? ባለ ሱቁ ሰላምታውን አስረዝሟል። ግቢ የምንጋራት የጎንደር ሴት አንሶላዬን ከራሷ ጋር አጥባ አስጥታልኛለች። አጭደው ወቅተውልኝ ጨርሰው ይሆን? እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው?

ግቢው ስደርስ ያችው ጎረቤቴ ሳህን ይዛ ብቅ አለች። «ነይ፣ ሳይበርድ ያዢ!»

እጄን ሰበሰብኩ። «ምን ሰምታችሁ ነው?»

«ምኑን?»

«ሰሞኑን ምን አግኝታችሁ ነው እንዲህ የወደዳችሁኝ?»

«ኧረ በእመብርሃን! ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፣ ምስር ወጥ ሠራሁ። በርበሬ አለበት፣ ዘይት አለበት፤ መርዶ አልጨመርኩበትም! ካልፈለግሽ ተዪው።» ሳህኑን ደፍ ላይ አስቀምጣ ተቆጥታ ገባች። ቁጣዋን ሳይ ቀለል አለኝ። መርዶ የያዘ ሰው እንዲህ አይቆጣም።

ልጄ ከትምህርት ስትመለስ በሩን ዘጋሁና አስቀመጥኳት።

«መምህሩን አግኝቼው ነበር» አልኳት። «ያ ልጅ አልተመለሰም አሉ።»

ቦርሳዋን አላወለቀችም።

«ወንድምሽ ሞቷል?»

«ወላሂ አላውቅም።»

«ማን ነገረሽ? ጎረቤቶች ነገሩሽ? ደላላው ደወለ?»

«ማንም አልነገረኝም። ወላሂል ዐዚም፣ ዩማ! ፊትሽን አየሁ። ምስሩን መልቀም ተውሽ፣ አትተነፍሺም ነበር። ሐራም፣ ታሳዝኛለሽ ብዬ... ከራሴ አነበብኩ።»

ላምናት ፈለግሁ፣ አልሆነልኝም። መርዶ በሚደበቅበት አገር ያደገ ሰው መሐላ አያሳርፈውም፤ ስንቱ እኮ እየማለ ነው የሚደብቀው። «ብትሰሚስ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር?» አልኳት።

«አንቺስ?» አለች። «አንቺ ብትሰሚ ለእኔ ትነግሪኛለሽ?»

«አንቺማ ፈተናሽ እስኪያልፍ...»

«አየሽ!»

በቃል ያሸነፈችኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወረቀቶቹን አወጣችና ሳላዛት እውነተኛውን ገጽ አነበበችልኝ። አሁን ብዙ ቃል ጠየቀችኝ። ማቅ ምንድን ነው፣ ማርዳት ምንድን ነው፣ ደረት መምታት ለምንድን ነው። እያለቀስኩ ነገርኳት። እሷ አላለቀሰችም። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አጥፋ እንዲህ አለችኝ፦

«ጎረቤቶቹ ክፉ አይደሉም። ግን ሁሉም አንድ ላይ ናቸው፣ እሷ ብቻዋን ናት። እየሳቀች ብቻዋን ናት።»

ሽማግሌ ቢናገረው የሚያስከብረው ነገር ነው። እኔ በዚያ ወግ አድጌ፣ ሌላውን አርድቼ፣ የእኔንም ሰው ተረድቼ፣ እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም። ለካ ሐዘን ይከብዳታል ብዬ የተሟገትኩላት ልጅ እኔን ተሸክማ ነበር የምትውለው።

«በይ እንግዲህ» አልኳት። «ከሰማሽ አትጠብቂ። ሌሊትም ይሁን ቀን፣ ሥራም ላይ ልሁን፣ ርቦኝም ይሁን፣ መጥተሽ ንገሪኝ። እኔም እነግርሻለሁ፣ ፈተና ብዬ አልደብቅሽም።»

«ኢንሻላህ» አለች። ቀጥላም «ኢንሻላህ ደግሞ ይደውላል» አለች፤ ልጅ ናትና።

ክረምቱ ሳይወጣ ስልክ ተደወለ። ማዳም ሥራ ላይ ስልክ ስለማትወድ እቤት ትቼው ነበር የምሄደው። አብሮት የሄደ ልጅ ነው ከሊቢያ የደወለው፤ ያነሣችውም ልጄ ናት። ጩኸቷን ሰምተው የግቢው ሴቶች ተሰበሰቡ። ኋላ እንደሰማሁት ወዲያው መመካከር ጀመሩ። ዛሬ ትግባ፣ እህል ትቅመስ፣ ትተኛ፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ከመስጊድ ሽማግሌ እናምጣ ተባባሉ። ልጄን «አንቺ ፊትሽን ታጠቢ፣ እንዳታስታውቂባት» አሏት። እሷ ፊቷን ልትታጠብ ወጣች፤ በዚያው ሄደች።

ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። የውጭው በር ተንኳኳና ስከፍት ልጄ በቤት ነጠላ ጫማ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ከሳጃና ዐማራት በእግሯ መጥታ ቆማለች። ሳያት አወቅሁ። ግን ቃሉን እንድትለው ጠበቅኋት።

«ዩማ» አለችኝ፣ ቀጥላ ግን በአማርኛ ነገረችኝ። «ወንድሜ ሞቷል። አሁን ነው የሰማሁት። ባሕር አልደረሰም፣ መንገድ ላይ ታሞ ነው። ቀብረውታል።»

«ኢና ሊላሂ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ያዘችኝ። በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠን አለቀስን። ማዳም ወጥታ አይታን፣ ተመልሳ ገብታ ካውያውን ነቀለች።

ሳጃና በእግራችን ተመለስን። ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ልብሳቸውን አስተካክለው፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነበር። የጎንደሯ ጎረቤቴ ፊቴን እንዳየች ተነሥታ ልጄን ያዘቻት። «ምነው አንቺ ልጅ! እስኪነጋ እንኳ! እንዲህ ያለ ነገር በልጅ አፍ ይነገራል?»

«ተዪያት» አልኳት። «እኔ ነኝ ያዘዝኳት። በመንገድ የማለቅሰውን አልቅሼ መጥቻለሁ፤ እንግዲህ አብራችሁ አልቅሱልኝ።»