የጠዋቱ ወረፋ

ባለፈው ሳምንት ጂንካ ገበያ አጠገብ ያለ ኮምፒውተር ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ ጠጋኙ አንድ አሮጌ ዲስክ አስነሳ። ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል ድምፁ። የአሁኖቹ ዲስኮች ዝም ያሉ ናቸው። እኔን ግን ያ ድምፅ ወጣትነቴ ውስጥ መልሶ ከተተኝ።

ያኔ ከወላይታ ወደ ጂንካ መጥቼ በአንድ ክሊኒክ በኮምፒውተር ባለሙያነት ተቀጥሬ ነበር። የሚያዝያ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶታል፤ ከተማው ማንጎ ማንጎ ይሸታል። ካርድ ክፍል ውስጥ የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች ፀሐይ የምትባል የአሪ ብሔረሰብ ልጅ ትሠራለች። ጠዋት ጠዋት የታካሚ ስም ስታስገባ ኮምፒውተሩ ድርቅ ይላል። ከቱርሚ በጭነት መኪና የመጡ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው መስኮቱ ሥር ይቆማሉ። ካርዱ ከዘገየ የመልሱ መኪና ያመልጣቸዋል።

"ልጅቷ ቀርፋፋ ናት" አሉኝ ኃላፊያችን አቶ መኮንን። "ወሩ ሲያልቅ እናሰናብታታለን።"

"እስቲ መጀመሪያ ማሽኑን ልየው" አልኳቸው።

ለጥቂት ቀናት አጠገቧ ተቀምጬ፣ ኮምፒውተሯ የሚልከው እያንዳንዱ ጥያቄ ዲስኩ ጋ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ለካሁ። ከሰዓት በኋላ ምንም አይጠብቅም፤ ጠዋት ግን ይቆማል። ለካስ የክሊኒኩ መረጃ የሚቀመጥበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ጠዋት ጠዋት ያለውን መረጃ ሁሉ ለመጠባበቂያ ይገለብጣል! ኮምፒውተሩን በሚመራው ፕሮግራም፣ በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ፣ እንደ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ፣ ዲስኩን ማን ቀድሞ እንደሚጠቀም የሚወስን ክፍል አለ። እሱ ያንን ረጅም ግልበጣ ሲያስተናግድ፣ ፀሐይ የጻፈቻት አንዲት ስም ከኋላ ቆማ ትቀራለች። አጫጭሮቹ ጥያቄዎች እንዲቀድሙ የተራውን ደንብ ለወጥኩና እንደገና ለካሁ።

በማግስቱ ስም በጻፈች ቁጥር ካርዱ ወዲያው ይወጣ ጀመር። አቶ መኮንን መስኮቱ ጋ ቆመው ጥቂት አዩ። "ትቀጥል" ብለው ሄዱ።

ምሳ ሰዓት ላይ ፀሐይ ቅቅል ጎደሬ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረበችልኝ።

"እኔኮ እውነትም ቀርፋፋ ነኝ ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እንባዋን ጠርጋ ደግሞ፣ "ግን ያን ሁሉ ቀን አጠገቤ ተቀምጠህ ማሽኑን ብቻ ነበር የምታየው?"

ጎደሬውን እያላመጥኩ አንገቴን ደፋሁ፤ እሷ ሳቀችብኝ። ከዓመት በኋላ ተጋባን።

ከዚያ ወዲህ የከበዱ ብዙ ብልሽቶች አስተካክያለሁ፤ አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። ያንን ያልረሳሁት፣ ሰው ስለ ራሱ ሐሰት አምኖ ሳይጨርስ የደረስኩበት ስለሆነ ይመስለኛል።