በሰም የታሸገው ክዳን

አሰላ ውስጥ ሞተር ሳይክሉን ሊያሠራ ሀሰኖ ጋ የሄደ ሰው ሁሉ ግራ ይገባዋል። ሀሰኖ ካንዴላ ከመንካቱ፣ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት የቤንዚኑን ክዳን ከፍቶ ይዘጋል። ለምን ሲሉት «ልማድ ነው» ይላል። ውሸቱን ነው።

ነገሩ የመጣው በደርግ ጊዜ፣ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ግዛቸው፣ ከአንድ የመሬት ከበርቴ የተወረሰች፣ ከጣሊያን ጊዜ የቀረች አሮጌ ሞተር ሳይክል ነበረቻቸው። ሰውዬው ጥላቸውንም አያምኑ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ተረት ከመፈክር እኩል ነበር የሚያሰሟት። አንድ ቀን ካንዴላ እንዲቀይርላቸው ሞተሯን ለኃይለመስቀል፣ ለሀሰኖ የልብ ጓደኛ ሰጡት። ሠርቶ መለሰላቸው። በማግስቱ ሁሩታ መንገድ ላይ ስታስነጥስ፣ ስትንተፋተፍ ቆይታ ቀጥ አለች። ኃይለመስቀል በኢኮኖሚ አሻጥር ተባለና ቀበሌ ታሰረ። ከቀበሌ ወደ ላይ የተላለፈ እስረኛ ደግሞ መመለሱን የሚያውቅ አንድ ፈጣሪ ብቻ ነበር።

ሀሰኖም ተጠራ።

«አሻጥሩን ፈልገህ አውጣ» አሉት ጓድ ግዛቸው። «ካላገኘኸው ተባባሪ ነህ ማለት ነው።»

ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጥበቃ አጠገቡ ተቀምጦ እጁን እጁን ያየው ጀመር። ሀሰኖ ካንዴላውን ነቀለ፤ እሳቱ ደህና ነው። ካርቡራተሩን ፈትቶ አየ፤ ንጹህ ነው። ሲያስነሳት እንደ ጤነኛ ትሠራለች። ፈራ። «እውነት አንድ ነገር አድርጎባት ይሆን እንዴ?» ብሎ ጓደኛውን ራሱ ጠረጠረው።

ጠባቂውን ከኋላው አፈናጦ በሁሩታ መንገድ ነዳት። ከተማውን አልፈው የስንዴው ማሳ ጋ ሲደርሱ ማስነጠስ ጀመረች፤ ቆመች። ሀሰኖ ከታንኩ ወደ ካርቡራተሩ የሚወርደውን የቤንዚን ጎማ ነቀለ። ጠብ ጠብ አለና ተቋረጠ። ታንኩን ቢነቀንቀው ሆዷ ሙሉ ነው። ያኔ ክዳኑን ቀና ብሎ አየ። አየር የምትስብባት ትንሿ ቀዳዳ ላይ ቀይ ሰም ፈስሷል፤ በሰሙ ላይ የቀበሌው ማኅተም አርፏል። አየር ካልገባ ቤንዚን ትንሽ ወርዶ ይቆማል። ጓድ ግዛቸው ሞተሯ ከኃይለመስቀል በተመለሰች ዕለት «ቤንዚን ጎድሎብኛል» ብለው በገዛ እጃቸው ያሸጉት ክዳን ነው።

ማኅተሙን ቢሰብር ወንጀል ነው። ጥፋቱ የእርስዎ ነው ቢል ደግሞ ከወንጀልም የባሰ ነው። ሞተሯን እየገፋ ተመለሰ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ወላሂ እኔ እጄን አላስጠጋም። ይችን ሰም ራስዎ ያንሱልኝና ሁሩታ ደርሰው ይምጡ።»

በጥርጣሬ ዐይን ዐይኑን እያዩ አነሱት። ሄደው ሲመለሱ ሞተሯ አንዴም አላስነጠሰች። ሀሰኖን ቢሮ አስገብተው በሩን ዘጉ።

«ብልሽቱን አገኘህ፤ ጠገንህ። የሰሙ ነገር ከዚህ ክፍል ከወጣ ግን ጓደኛህ የተኛበት ላይ ነው የምትተኛው።»

«ኃይለመስቀልስ?»

«ይፈታል።»

ማታውኑ ተፈታ። ሀሰኖ በር ላይ ጠብቆ ሊያቅፈው እጁን ሲዘረጋ ኃይለመስቀል ወደ ኋላ አለ።

«ከኔ በኋላ ማን እንደነካት ሳስብ ነው የከረምኩት» አለው። «ብልሽቱን አንተ አገኘኸው አሉኝ። እንዲህ በቀላሉ የሚያገኘው ያበላሸው ሰው ነው።»

ሀሰኖ አፉን ከፈተ። ጠባቂው በሩን ተደግፎ ያያቸዋል። አፉን መልሶ ዘጋ።

ኃይለመስቀል ወደ አቦምሳ ሄዶ እዚያው ጋራዥ ከፈተ። ደርግ በወደቀ ዓመት ሀሰኖ ተሳፍሮ ሄደና የሰሙን ነገር አንድም ሳያስቀር ነገረው። ኃይለመስቀል እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠው።

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ለምን ደበቅኸኝ?» አለው በመጨረሻ። «ምን ሰጥተውህ ነው?»