የመሃል ወንበር

ወንድሜ ፒክአፕ ሊገዛ ሲነሣ ያማከረው እኔን ነው። ስለ መኪና አውቄ አይደለም፤ መንጃ ፈቃድ እንኳን የለኝም። በቤታችን የሚዛን ሰው እኔ ስለሆንኩ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ከቡሪየን እስከ ስካይዌይ ባሉት ሰፈሮች የሚኖር የአጥቢያችን ሰው አገር ቤት ሊሄድ ሲል ሻንጣውን እየጎተተ እኔ ዘንድ ይመጣል። በእጅ ሚዛኔ አንጠለጥላለሁ፣ አወጣለሁ፣ መልሼ እከታለሁ፣ ኤርፖርት ላይ ሰው ፊት ሻንጣ ከፍቶ እንዳያፍር አድርጌ እሸኘዋለሁ። በዚህ ሥራ የተማርኩት ቢኖር፣ ሻንጣ ሲከብድ ቀድሞ የሚወጣው የሰው አደራ መሆኑን ነው። የራሱን ጫማ አስቀድሞ ያወጣ መንገደኛ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ወንድሜ ከፒክአፑ በፊት ተሳቢ ገዝቷል። አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያላት ትንሽ ቤት ናት። ከመኪና ጅራት ላይ የምትያያዝ ሳትሆን አፍንጫዋ ፒክአፑ የጭነት ሳጥን ላይ ወጥቶ የሚቀመጥ፣ እዚህ ፊፍዝ ዊል የሚሏት ዓይነት። የሚጎትታት መኪና ግን አልነበረውም። በሬ ሳይኖረው ቀንበር እንደ ገዛ ገበሬ፣ የዝናቡን ወራት ሙሉ በሸራ ሸፍኖ ግቢ ውስጥ አቆማት።

ወደዚህ አገር ያመጣኝ ትልቋ ልጁ ስትወለድ ነው። ያኔ፣ ይቺ ልጅ ትንሽ ከፍ ትበል እንጂ አገሩን አዙሬ አሳይሻለሁ ብሎኝ ነበር። ልጅቷ አሁን ሃይስኩል ገብታለች፤ ታናሿም ቁመቷ ትከሻዬ ጋ ደርሷል። እኔ ያየሁት አሜሪካ ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ኤርፖርቱን ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ከገቡ ወዲህ አውሮፕላን አጸዳለሁ። በየቀኑ አውሮፕላን ውስጥ ገብቼ እወጣለሁ፤ አንዱም ይዞኝ አልሄደም። ተሳቢዋ የመጣች ቀን እራት ላይ ሁሉም ባለበት፣ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ የሎስቶን ነው፣ ፍል ውሃው ከመሬት እየተስፈነጠረ ሰማይ ድረስ ሲወጣ ታያለሽ፣ በልጆቹ መካከል የመሃል ወንበር ያንቺ ነው አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመሃል ወንበር የእኔ ሆነ።

ከኖርዝጌት አለፍ ብሎ ወዳለ የመኪና መሸጫ ሦስታችንም ሄድን፤ ወንድሜ፣ ሚስቱና እኔ። ሻጩ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው መኪናው የሚጎትተው ነው፣ እናንተን የሚያስጨንቃችሁ ግን የሚሸከመው ነው አለን። የተሳቢዋ አፍንጫ ጀርባው ላይ ይተኛል። ማያያዣው ራሱ ብረት ነው። ሰዎቹ አሉ፣ ጓዙ አለ። ይህ ሁሉ ተደምሮ በሾፌሩ በር ጎን ከተለጠፈው ቁጥር ማለፍ የለበትም። እንግሊዝኛዬ ብዙ አይደለም፤ ይህ ግን የሻንጣ ነገር ስለሆነ ከወንድሜ ቀድሜ ገባኝ።

መጀመሪያ ያሳየን ትልቁን ነበር፤ መላውን ቤተሰብ ከነቡሃቃው ቢጭን የማይሰማው። የወንድሜ ሚስት ዞር ዞር ብላ አየችውና ኮንስትራክሽን ነው እንዴ የምንሠራው አለች። ቢሮዋ ጋ ፓርክ ማድረጊያ አይበቃውም። ቀጥሎ ሁለት መለስተኞች ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ቀለም። አንዱ ወንበሩ ጨርቅ ነው። ሌላው ቆዳ ሆኖ ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር የሚከፈት መስታወት ነው። የሁለቱንም በር ከፍቼ ቁጥሩን አነበብኩ። ባለ መስታወቱ የሚሸከመው ያንሳል። ለምን ብዬ ብጠይቅ ሻጩ ፈገግ አለና፣ መስታወቱም ቆዳውም ይመዝናላ አለኝ።

ማያያዣውን እንድመርጥ ለእኔ ተዉልኝ። የፒክአፑ የጭነት ሳጥን አጭር ነው። በጠባብ መታጠፊያ ላይ የተሳቢዋ ጥግ የኋላ መስታወቱን እንዳይሰብረው ወደ ኋላ የሚንሸራተት ማያያዣ አለ፤ እሱ ግን ሁለት ወንድ የማያነሣው ብረት ነው። የእኛ ተሳቢ አፍንጫዋ ከሁለት ጎን ገባ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ቀላሉም ይሆናል፣ ሲታጠፉ መጠንቀቅ ነው አለ ሻጩ። ቀላሉን መረጥኩ። ከከባዱ የተረፈው ለእኔ ወንበር ይሆናል ብዬ ነው። ወንድሜ፣ እትዬ አንበሳ፣ እሷ ባትኖር ምን እንሆን ነበር እያለ ለሻጩ በእንግሊዝኛ ነገረው።

ቤት ገብተን ደመርኩት። ስንደምር ልጆቹም ነበሩ። የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን ኮሪደሩ ላይ አወጣሁ፤ አንድ በአንድ ወጡበት። የወንድሜ ሚስት የራሷን በቃሏ ነገረችኝ፤ ተቀበልኩ። እኔ ከነነጠላዬ ወጣሁ። ስጨርስ ያገኘሁትን ነገርኳቸው።

«የጨርቁ ሁላችንንም ይይዛል። ባለ መስታወቱ አንድ ሰው ያስቀራል።»

ማን ብሎ የጠየቀ የለም። ወንድሜ ሚስቱን አየ። እሷ ስልኳን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። ይህቺ ሴት በቤቷ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንቱታዋን አንድ ቀን አጉድላብኝ አታውቅም።

«እትዬ፣ ፍልሰታ እየመጣ አይደል? እርስዎ በሚጾሙት አጿጿም እንኳን ቦታ ሊጠፋ ሊተርፈን ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። ወንድሜም ሳቀ። የሳቁበት ደስ የሚል ጨዋታ ስለነበር እኔም ሳቅሁ። ባለ መስታወቱ ተገዛ።

ፍልሰታን ከልጅነቴ ጀምሮ እጾማለሁ፤ ቅዳሴ ቆሜ ከሰዓት በኋላ አንዴ እቀምሳለሁ። በዚያ ዓመት ግን ዳዊት ደግሜ ስነሣ እግሬ ወደ መታጠቢያ ቤት ይሄዳል። ሚዛን ላይ እወጣለሁ። ቁጥሩ ሲወርድ ተመስገን እላለሁ፤ ሳይወርድ ሲቀር ከዚያችው ከአንዷ ምግቤ ላይ እቀንሳለሁ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ሳቃቸውን ተዉት።

«ልጄ፣ ጾሙን የምትጾሚው ለማን ነው?»

ለእመቤታችን ነው አልኳቸው። እንግዲያው ሚዛኑን ከቤትሽ አውጪው አሉኝ። ቤቱ የእኔ ስላልሆነ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ በማግሥቱ የወንድሜ ሚስት አገኘችውና እትዬ አንድ ነገር ረስተዋል ብላ አልጋዬ አጠገብ አስቀመጠችልኝ።

የጾሙ ማብቂያ ሲቃረብ ቀሚሴ ከወገቤ ላይ ይንሸራተት ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሴቶቹ ጎትተው ወደ ዳር አወጡኝ፤ ምን ነካሽ፣ ሐኪም አይተሻል ወይ አሉኝ። ደህና ነኝ፣ የሎስቶን ልሄድ ነው አልኳቸው። አንዷ፣ በእግርሽ ነው እንዴ አለችኝ። የወንድሜ ሚስት ብቻ አማረብዎት አለችኝ። እኔ እንደገና ደመርኩ። በጭንቅ እንገባለን፤ እንገባለን ግን።

ከዚያ ጀነሬተሩ መጣ። የምናድርበት ቦታ መብራት የለውም፣ ልጆቹ ያለ ኤሲ አይተኙም ብላ የወንድሜ ሚስት ገዝታው መጣች። ጋራዡ ውስጥ ወንድሜና እኔ በእጅ ሚዛኔ አንጠልጥለን መዘንነው። ከእኔ ብዙም አያንስም። ወንድሜ ቁጥሩን አይቷል። አይቶ ሲያበቃ ጋራዡ በጣም ተዝረክርኳል፣ ሰሞኑን ማጽዳት አለብን አለኝ። እኔም አዎ አልኩ።

ፋሲካን እንደ ፈሰከ ሰው ደስ ብሎኝ ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት ተነሣን። ዳቦ ጋግሬ፣ በሶ ጨብጬ፣ ትንሽ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ ይዤ በልጆቹ መካከል ገባሁ። ትልቋ ጠባብ ነው እያለች በእንግሊዝኛ አጉረመረመች። የጣሪያው መስታወት ተከፍቶ ነበር። ቀና ብዬ የዛፎቹን ጫፍ አየሁ፤ ደስ ይላል፣ አልዋሽም።

ትልልቅ የጭነት መኪና የሚነዳ የወንድሜ ጓደኛ፣ ከመውጣትህ በፊት ተመዘን ብሎት ስለነበር ከከተማው በስተደቡብ የጭነት መኪኖች የሚመዘኑበት ቦታ ጎራ አልን። መሬቱ ላይ የተነጠፈ ሰፊ ሚዛን ነው። መኪናው ላዩ ላይ ይቆማል፤ መዛኟ በአጠገቡ ካለው ምሰሶ ላይ በድምፅ ማጉያ ሾፌሩን ታናግራለች። ወንድሜ ወረቀቱን ተቀብሎ መጣ። ቁጭ ብሎ አነበበ።

ሚስቱ ስንት ነው አለችው። ትንሽ ነው ያለፈው አላት። ትንሽ ማለት ስንት ነው፣ ኋላ ያሉት እኮ ልጆችህ ናቸው አለችው። ማንም ወደ ጀነሬተሩ አልዞረም። ወንድሜ በመሃሉ መስታወት ውስጥ አየኝ።

«እትዬ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ውረጂልኝ። ቼክ ላድርገው ብቻ።»

ታናሿ ቀድማ ወረደች፤ እኔ ከነቦርሳዬ ወረድኩ፤ እሷ ተመልሳ ገባች። ዞረው መጥተው እንደገና ተመዘኑ። አጥሩ ጥግ ቆሜ እመቤቴ ሆይ አታሳፍሪኝ እያልኩ ነበር። ወንድሜ ሁለተኛውን ወረቀት አየና ትከሻው ወረደ። ኦኬ፣ አሁን ልክ ነው አለ። ተጠጋሁ። ታናሿ ትራሷን በተቀመጥኩበት ቦታ ላይ ዘርግታ ጋደም ብላለች።

የወንድሜ ሚስት መስኮቷን ዝቅ አደረገች።

«እንዳይከፋዎት እትዬ። ሒሳቡን የሠሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

በእሷ በኩል አልፌ ወንድሜን፣ ጀነሬተሩን ብናወርደውስ አልኩት። እውነቱን ነው፤ አሰበበት። ግራና ቀኝ ግቢውን አየ።

«የት እናስቀምጠዋለን እትዬ? ሰው ይወስደዋል።»

ትልቋ ልጅ፣ ያዘልኳት፣ ያጎረስኳት፣ ስልኳን እያየች «ኢትስ ጀስት ማዝ፣ እታባ» አለችኝ። ሒሳብ ነው ማለቷ ነው። ወንድሜ ወርዶ አቀፈኝ። ለታክሲ ሊሰጠኝ ኪሱን ሲዳብስ የአውቶቡስ ካርዴን አሳየሁት። ዳቦውን በመስኮት አቀበልኳቸው፤ እሱ በድምሩ ውስጥ ነበር። በሰላም ግቡ አልኳቸው። ተሳቢዋ ቀስ ብላ ዞረች፤ ጥጓ የኋላ መስታወቱን ለጥቂት አልፋ ሄደች።

ከምሰሶው ላይ የሴት ድምፅ መጣ። ለማን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ደገመችው። ሌላ መኪና ገብቶ ቆሟል፣ እኔ ደግሞ የሚዛኑን ጠርዝ ረግጬ ቆሜያለሁ። እባክዎ ይውረዱ፣ የሰውየው ጭነት ላይ እየተደመሩ ነው ነበር የምትለው። ይቅርታ ጠይቄ ወረድኩ። አውቶቡስ ሁለት ጊዜ ቀይሬ ቤት ገባሁ።

ሲመለሱ የፍል ውሃውን ቪዲዮ አሳዩኝ። ያምራል፤ ሥራው ግሩም ነው።

በዓመቱ የወንድሜ ሚስት እህት ከሌላ ስቴት መጣች። ደግ፣ ተጫዋች፣ እግዚአብሔር ጤናውን ይስጣትና ከእኔ አንድ ተኩል የምትሆን ሴት ናት። ልጆቹ ጭኗ ላይ ተኝተው ነው የሚስቁት። ለጉዞ ሲነሡ ጀነሬተሩን ጫኑ፤ እሷ በልጆቹ መካከል ገባች። ሚዛን ያወጣ የለም። እኔ ማያያዣው መቆለፉን አይቼ እንድነግራቸው ተጠርቼ ውጭ ቆሜ ነበር። ወንድሜ ወደ ሾፌሩ በር ሲያልፍ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እሷስ ተመዘነች ወይ አልኩት። ቆመ። የሠራሁት ነውር እንዳሳዘነው ከፊቱ አየሁ።

«እትዬ» አለኝ፣ «እንግዳ ይመዘናል እንዴ?»

ይቅር በለኝ አልኩት። መቆለፊያውን ጎንበስ ብዬ አየሁ። ተዘግቷል አልኳቸው፤ ሄዱ።