ቀዩ ሰልባቲዮ

አማቴ ሞተር ሳይክሉን የሰጠኝ ኒካህ በታሰረ ማግሥት፣ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ሳለ ነው። በአፌ አንቱ እያልኩት ኖሬአለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ እንኳ ከአንቱታው ልረፍ። የቤንዚን መያዣው፣ ያ ቀይ ሰልባቲዮ፣ ፊት እስኪያሳይ ተወልውሏል፤ መሪው ላይ ነጭ ሻሽ ታስሯል። አማቴ ቁልፉን ለሕዝቡ ከፍ አድርጎ ካሳየ በኋላ መዳፌ ላይ አኖረውና ልጁንም ሞተሩንም በአደራ እንደሰጠኝ ተናገረ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጁን ሳምኩ።

ሊብሬውን በስሜ ስለማዞር ቀስ ብዬ ባነሳበት፣ በቤተሰብ መሃል ወረቀት ምን ይሠራል ብሎ አፌን አስያዘኝ። እኔም አፈርኩ። ሰውየው ሞተር ሰጥቶኝ እኔ ወረቀት የምጠይቅ ስግብግብ ሆንኩ።

ሞተሩ ሳምንት ሳይሞላው ቆመ። ያን ጊዜ ነው መርካቶ ሰባተኛ ያሉ ነጋዴዎች እየሳቁ ታሪኩን የነገሩኝ። አማቴ ያንን ሞተር ለሰፈሩ ግማሽ ሰው ግዙኝ ብሎ ለምኗል። የሚያውቁት አልነኩትም፤ የማያውቁት አንድ ጊዜ ነድተው መለሱለት። ገዢ ሲያጣለት አማች አገኘለት።

ሥራዬ ከሰባተኛ ጅምላ ሻጮች የጫማ ሶልና ማስቲሽ ተቀብዬ በየሰፈሩ ላሉ ጫማ ሠሪዎች ማድረስ ነው። ጅምላ ሻጮቹ ያለ መያዣ ዕቃ የሚያምኑኝ በዓይኔ ውበት አይደለም። የሐጂ አማች ስለሆንኩ ነው። ሐጂ ማለት ያው አማቴ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው እንደዚያ ነው። የእሱ ፊት ከጠቆረብኝ ያን ቀን ሶል የሚሰጠኝ የለም። ሞተሩ ከቆመብኝ ደግሞ ሶሉን የሚጠብቅልኝ ጫማ ሠሪ የለም። ኑሮዬ በሁለቱ መሃል የተንጠለጠለ ነበር።

ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ይነሳል፤ ሲሞቅ ይጠፋል። ካንዴላ ስቀይርለት ካርቡራተሩ፣ ካርቡራተሩን ሳሳጥብ ፍሪሲዮኑ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መሞቻ ቦታውን መርጦ መያዙ ነው። የአማቴ ሱቅ ፊት ለፊት ያለችው አጭር ዳገት ላይ ሲደርስ ሁለቴ ያስልና ጸጥ ይላል። አማቴ ደግሞ በሩ ላይ ወንበሩን አውጥቶ ይቀመጣል። ጎረቤት ነጋዴዎችን እየጠራ፣ አማቼ ሞተሬን ሊያናፍሰው ወጣ፣ ኑ እዩልኝ ይላል። እኔ ላቤ እየተንቆረቆረ ማስነሻውን ስረግጥ፣ ጭነቱ ከኋላ ሲንሸራተት፣ ከኋላዬ የቆመው ባለጋሪ ሲሳደብ፣ እሱ ረጋ ብሎ ይመክረኛል።

«ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይለኛል። «እኔ ስይዘው እንዲህ አልነበረም።»

ዳገቷን እየገፋሁ ስለማወጣው ተሸካሚዎቹ «ገፊው» ብለው ስም አወጡልኝ። መርካቶ ያወጣው ስም ደግሞ አይፋቅም። ሰላምታውም ሐሜቱም በእሱ ሆነ። ዕቃ ልቀበል ስገባ እንኳ ጅምላ ሻጩ በሳቅ፣ ገፊው መጣ፣ መንገድ ልቀቁለት ይል ጀመር።

ልሸጠው ብል ሊብሬው በሐጂ ስም ነው፤ በዚያ ላይ የአማቱን ስጦታ ሸጠ መባል ከሌባ የማይሻል ስም ነው። ሌላ ገዝቼ እሱን ግቢ ውስጥ ላቁመው ብል ደግሞ አማቴ በየቀኑ ያየኛል፣ የኔስ የታለ ይላል። ዝም ብዬ ልንዳው ብል ጫማ ሠሪዎቹ አንድ በአንድ እየሸሹኝ ነበር። የመጀመሪያ ደንበኛዬ የነበረው ሰውዬ አንድ ቀን ማስቲሹን አርፍጄ ሳደርስለት ሠራተኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። አልተቆጣኝም። ዕቃውን ተቀብሎ ካስገባ በኋላ ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው እንደሚያመጣለት በደህና ፊት ነገረኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መላውን ያመጣችው ሚስቴ ናት። አባቷን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ ከእኔ በላይም ትፈራዋለች። ማታ እግሬን ሳጥብ አጠገቤ ተቀምጣ፣ አባቴ ስለ ሞተር ምንም አያውቅም አለችኝ። «አባቴ የሚያውቀው ቀዩን ነው። ቀዩን ካየ ሥሩ ያለው የማን እንደሆነ አይጠይቅም።»

ከዚያም የወርቅ አምባሮቿን ከእጇ አወለቀች። መህሯ ነበሩ፣ የኒካህ ስጦታዋ፣ እኔው ራሴ ያደረግኩላት። አልቀበልም አልኩ፤ ግን እጄ ተዘርግቶ ነበር። እናቷ ስትጠይቃት ሌባ ስለበዛ ሳጥን ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ አለች።

በአምባሮቹ የዚያው ዓይነት ሞተር ገዛሁ፤ ጥቁር፣ ያገለገለ፣ ግን ልቡ ደህና የሆነ። ሁለቱን ምን አለሽ ተራ ወሰድኳቸው። እዚያ ያለ መካኒክ ነገሩን ሲሰማ ሳቀና ሥራውን ጀመረ። ከአሮጌው ላይ ቀዩን ሰልባቲዮ፣ ጠርዙ የተቀደደውን ወንበርና ታርጋውን ፈትቶ አዲሱ ላይ ገጠማቸው። ወንበሩ ላይ ያለችውን ቅዳጅ እንኳ ሊሰፋት ሲል ተወው አልኩት። የቀረው የሐጂ ሞተር እዚያው ዓይኔ እያየ ተበለተ። ሥጋ ሲካፈሉ እንዳየሁት አንዱ ጎማውን፣ አንዱ ሽቦውን ይዞ ሄደ። አጠገቡ ያለው ቀጥቃጭ ደግሞ ከጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎውና ከጎን ሽፋኑ የከሰል ምድጃ ሠርቶ ምርቃት ብሎ ሰጠኝ። ጠርዙ ላይ ቀይ ቀለም ቀርቶበት ነበር። ደስ ብሎኝ ለሚስቴ ወሰድኩላት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ጥሩ ነበሩ። ሞተሩ ዳገቷን ሳያስል ይወጣል። የሸሹኝ ጫማ ሠሪዎች ተመለሱ፤ ያ የመጀመሪያ ደንበኛዬ ሳይቀር። አማቴ መጀመሪያ ቀን ዓይኑን አላመነም። ከወንበሩ ተነስቶ እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኑ ሸኘኝ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ነገሩን የራሱ አደረገው። አላልኳችሁም፣ ሞተሩ እኮ ወርቅ ነው፣ ልጁ ነው አያያዝ ያላወቀው ማለት ጀመረ። ከወሎ እንግዳ ሲመጣበት ያስጠራኛል። ጭነቴን አስወርዶ፣ አስነሳው እስቲ ይለኛል። በአንድ እርግጫ ሲነሳ እንግዳውን ትከሻው ላይ መታ መታ ያደርገዋል። እኔም በሆዴ እስቅበት ነበር። በሚስቴ ወርቅ በተገዛ ሞተር ሲኮራ ማየት የተሰረቀ ማር የመላስ ያህል ይጣፍጠኝ ነበር። እንዲያ መሳቄን ዛሬ ድረስ እረግማለሁ፤ ለእሱ አዝኜ እንዳይመስላችሁ።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አማቴ ምሳ እበላለሁ ብሎ ቤታችን መጣ። የመጨረሻ ልጁን አስከትሎ ነበር፤ ትምህርቱን ጨርሶ ሱቁ ደጃፍ ላይ ስልክ ሲነካካ የሚውለውን። ወጡ በሩ አጠገብ ምድጃው ላይ ይንተከተካል። አማቴ ጎንበስ ብሎ ምድጃውን በጣቱ አንኳኳው፤ ቀይዋ ቀለም ፊት ለፊቱ ነበረች።

«ጠንካራ ብረት ነው» አለ። «የድሮ ዕቃ ነው እንዲህ የሚሆነው። ከየት ገዛሽው?»

«ከምን አለሽ ተራ ነው፣ አባ» አለችው ሚስቴ፣ ወጡን እያማሰለች።

እኔ ቶሎ ብዬ የእጅ ውሃ አቀረብኩ። ወጡ ሲደርስ በላን። እጁን ከታጠበ በኋላ ዱዓ አደረገልን፤ ረጅም ዱዓ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ልጄ፣ ሞተሩን አሠልጥነህልኛል፣ አላህ ይስጥህ» አለኝ። «እንግዲህ ይሄ ልጅ ሥራ ይጀምርበት። አንተ አሁን ሰው ሆነሃል፤ የተሻለ ትገዛለህ።»

አፌን ከፈትኩ። የኔ ነው ልለው ነበር። ግን የኔ ነው ለማለት መጀመሪያ የእሱን አርጄ በብልት በብልት እንዳካፈልኩት መናገር አለብኝ። ታርጋው የእሱ፣ ሊብሬው የእሱ፣ ቀዩ የእሱ። አምባሮቹ የት ገቡ ቢባልስ? ብረቱ የእኛ መሆኑን የሚያውቅ እዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበረ። ወደ ሚስቴ ዞርኩ። ምግቡን እያነሳች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

«ቁልፉ ኮትህ ኪስ ውስጥ ነው» አለችኝ።

ልጁ በአንድ እርግጫ አስነሳው። አማቴ ከኋላው ተፈናጠጠና ሄዱ። ጭሱ ከግቢው ሳይወጣ ጮህኩባት። አባትሽን መረጥሽ፣ ወንድምሽን መረጥሽ አልኳት፤ የማይባለውንም ጨመርኩ። ጨርሼ እስክደክም ድረስ ሰማችኝ። ከዚያ ባዶ እጇን ዘርግታ አሳየችኝና፣ አንተ ብትናገር ኖሮ አምባሮቼ ይመለሱ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሆድ ይፍጀው ብለን ዋጥነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ለወራት የምንነጋገረው ስለ ሽንኩርትና ስለ ውሃ ብቻ ሆነ።

ሶሉን በጆንያ ተሸክሜ በታክሲ ማመላለስ ጀመርኩ። ረዳቱ የጆንያውንም ሒሳብ ይጠይቀኛል፤ ተሳፋሪው በማስቲሹ ሽታ ፊቱን ያዞርብኛል። ጫማ ሠሪዎቹ እንደገና ሸሹ፤ አሁን ግን ለመመለስ አልነበረም። ተሸካሚዎቹም «ገፊው» ማለቱን ተዉት፤ የምገፋው ነገር የለኝማ። አማቴ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ጆንያውን ሲያይ ከንፈሩን ይመጥልኛል። ያን ያህል ጊዜ ሞተር ስትነዳ ኖረህ መግዣ አላጠራቀምክም እንዴ አለኝ አንድ ቀን፣ ሰው እየሰማ። ጠላሁት። እንደዚያ ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ልጁ ከኋላው ጓደኛ ጭኖ ሲፈነጭበት በየቀኑ አየዋለሁ። ቆይቶ ከጭስ ማውጫው፣ ከማርሚታው፣ ሰማያዊ ጭስ ይወጣ ጀመር። ዘይት እንዳልቀየረ ገባኝ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር፤ እኔም ጆንያዬን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛውሬ አለፍኩ። ብዙም ሳይቆይ መሳለሚያ መሃል መንገድ ላይ ኢንጂኑ ተቃጠለ።

በዚያው ሰሞን መስጊድ አንድ ሽማግሌ አማቴን፣ ስጦታን መልሶ መውሰድ ነውር ነው ብለው ገሥጸውት ኖሯል። አማቴ ያስጠራኝ በማግሥቱ ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ጅምላ ሻጮቹ ሁሉ ቆመዋል፤ እኚያ ሽማግሌም አሉ። ሞተሩ መሃል ላይ ቆሟል። ታጥቧል፤ ቀዩ ሰልባቲዮ እንደ ሠርጋችን ማግሥት ተወልውሏል።

«እኔ ሰጥቼ የምቀማ ሰው አይደለሁም» አለ አማቴ፣ ሁሉም እንዲሰማው። «ያውልህ ሞተርህ።»

ሰዉ ማሻአላህ አለ። ሽማግሌው ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። ሁሉም እኔን ያየኝ ጀመር፤ ምስጋና እየተጠበቀ ነው። የፊት ምስጋና ለኋላ ሐሜት ያስቸግራል ይላሉ፤ እኔ ግን ሐሜቱንም ምስጋናውንም አንድ ጉሮሮ ውስጥ ይዤ ነበር። ጎንበስ ብዬ እጁን ሳምኩና፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ሐጂ አልኩ። ያችን ቃል እስካሁን ምላሴ ላይ አገኛታለሁ።

ከዚያ አስነሳው ተባልኩ። ረገጥኩ። ደግሜ ረገጥኩ። ብረት ብረትን ከመፋቁ በቀር ምንም አልተሰማም። አማቴ ከልቡ አዝኖ ራሱን ነቀነቀ።

«ከአያያዝ ይቀደዳል» አለ።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ገፊው ተመለሰ ብሎ ሲጮህ ጅምላ ሻጮቹ ሳቁ፤ ሽማግሌውም ሳይቀሩ። ዳገቷን እየገፋሁ ወጣሁ። አማቴ እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኑ ሸኘኝ።

ሰፈር ስደርስ ሚስቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ምድጃውን ታራግባለች። ሞተሩን አስደግፌ ላቤን ስጠርግ መጀመሪያ ሰልባቲዮውን አየች፤ ቀጥላ እኔን። ማራገቢያውን አላስቀመጠችም።

«ሁለተኛ ምድጃ ልናሠራ ነው?» አለችኝ።