አፍ ሙሉ ውኃ

ልጅ ሳለሁ እናቴ ለሰሊጥ አጨዳ ከመተማ ድንበር ተሻግራ ወደ ገዳሪፍ ማሳ ይዛኝ ትወርድ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ትንኝ እንዲያባርር የሰሊጥ አገዳ ይለኮሳል፤ የአጫጆቹ አለቃ፣ የእናቴ አጎት አያ ማሩ፣ ከጭሱ አጠገብ ተቀምጠው ተረት ይነግሩናል። እኔ ከጉልበታቸው ሥር ነኝ። ያኔ ከሁሉ የምወደው የቁጡውን ሰውዬ ተረት ነበር። ሰውዬው ንዴት ሲመጣበት ውኃ ይጎነጫል፤ ልቡ እስኪበርድ አይውጠውም። «አፍ ውኃ ከያዘ አይሳደብ፤ እጅም እሱን አይቶ ይመለሳል» ይሉን ነበር። እኔም ከልጆች ስጣላ ሮጬ እጎነጫለሁ። እናቴ ጉንጬን አይታ «ደሞ ዛሬ ማን አናደደሽ?» እያለች ትስቅብኛለች።

አንድ ቀን እናቴ የደረቀ ነዶ ተሸክማ ሰሊጡ ወደሚራገፍበት ሸራ ስትሄድ ነዶው ዘመመባት። የደረሰ ሰሊጥ አናቱ ከተደፋ ፍሬው እንደ ውኃ ነው የሚፈሰው፤ መሬቱ ደግሞ ስንጥቅጥቅ ያለ ዋልካ ነው፣ የገባበት አይወጣም። አያ ማሩ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ፊታቸውን ሳይ ተረቱ ትዝ አለኝና ከጀሪካኑ በጣሳ ቀድቼ ሮጥሁ።

«አያ፣ ይጎንጩ!»

ጣሳውን በእጃቸው ጀርባ አሽቀነጠሩት። «አንች ቂል! እሱ ተረት ነው!»

«ልጅቱ እኮ እውነት መስሏት ነው!» አለ አንዱ አጫጅ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ዱላው እናቴ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ግን ፊታቸውን ወደየነዷቸው አዞሩ።

ሲመሽ አያ ማሩ ያንኑ ተረት፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ ደገሙት። እናቴ በሆዷ ተኝታ ሰማች። እኔ ከጭሱ ማዶ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥሁ። እኔን ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር፤ እንደኔ ያመናቸው አልነበረም።

አሁን ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ልጅ አሳድጋለሁ። የማልፈራው ነገር የለም፤ ትኩሳቷን፣ የመንገዱን መኪና፣ ከሁሉ ከሁሉ ግን የራሴን እጅ። ንዴት ሲመጣብኝ አስቀድሞ ጆሮዬ ይግላል፤ ያን ጊዜ ቶሎ ብዬ ከደጅ ካለው ጋን ውኃ እጎነጫለሁ።

ባለፈው ዱቄቱን ከነሳህኑ ደፋችው። ጆሮዬ ጋለ፣ እጄም ተነሳ። ልጄ ሮጠች። የሸሸችኝ መሰለኝ። ጣሳ በሁለት እጇ ይዛ፣ ውኃውን እያፈሰሰች ተመለሰች።

«ዩማ፣ እንኪ» አለችኝ፤ እንደ አገሩ ልጆች እናቷን «ዩማ» ነው የምትል።

ተቀብዬ ጎነጨሁ። ዓይኗን ከጉንጬ ሳትነቅል ቆማ ጠበቀችኝ።

ተረቱን ግን እስካሁን አልነገርኋትም። ያ ለስላሳ ድምፅ ከእኔም አፍ እንዳይወጣ እፈራለሁ።