የተደፈነው ስንጥቅ

ከአማኑኤል ወጣ ብሎ ለመንገድ ሥራ ገረጋንቲ የምናወጣበት ካባ ነበር። የእኔ ሥራ ገደሉን መጠበቅ ነው። ይህን ስል ሰዎች «ገደል ደግሞ ማን ይሰርቀዋል?» እያሉ ይስቁብኛል። ገደል አይሰረቅም፤ ይናዳል እንጂ። ኤክስካቫተሩ ከሥር እግሩን በበላው ቁጥር የላዩ መሬት ወደ ፊት ይሳባል፤ ከመናዱም በፊት ከአፋፉ ኋላ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ችካል ተክዬ ርቀቱን ጠዋት ጠዋት እለካ ነበር። ርቀቱ ከጨመረ መሬቱ እየሄደ ነው ማለት ነው።

በዚያ ጥር ስንጥቁ ክፉኛ ሰፋ። ቁፋሮውን አስቆምሁ፤ ማሽኑን አስወጣሁ፤ አፋፉን በእሾህ አጠርሁ። ከቤተ ክርስቲያናችን ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በዚያው ነውና ለደብሩ ሽማግሌዎችም መንገዱ እንደተሰነጠቀና እንደሚያሰጋ ነገርኋቸው። «እሺ፣ እናስብበታለን» አሉኝ። እኔም ሌላ መንገድ የሚፈልጉ መስሎኝ አመንኋቸው።

በከተራ ዕለት ሥራ የለም። ስንጥቅ ግን በዓል አያከብርም። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ የሥራ ቦት ጫማዬን እንዳደረግሁ ወደ አፋፉ ወጣሁ።

ስንጥቁ የለም። እሾሁም የለም። ችካሎቼ ተነቅለው ዳር ላይ ተከምረዋል። መንገዱ በአዲስ አፈር ተደልድሎ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። ቦታ የተሳሳትሁ መስሎኝ ዙሪያዬን ተመለከትሁ።

አንድ ጎረቤታችን የሆነ ገበሬ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል። «ተሰነጠቀ ብትለን ጊዜ ዛሬ ጠዋት ወጥተን ደፈንነው። ታቦት በእሾህ ላይ ያልፋል እንዴ?» አለኝ፣ ምርቃት እየጠበቀ።

ምን ብዬ ልቆጣው? መረሬው፣ ጥቁሩ አፈር፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የከብት እግር እንዳይሰብር ይደፈናል። ለታቦት መንገድ መጥረግም የአባት ወግ ነው። ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁትን ነበር ያደረጉት። ጎንበስ ብዬ ቄጠማውን ገለጥ ሳደርግ ግን ጠዋት በተደለደለው አፈር ላይ ስንጥቁ እንደ ክር ቀጥኖ ተመልሷል። ገበሬው አየው። ፊቱ አመድ መሰለ።

ያኔ ከበሮው ተሰማ። ታቦቱ ወጥቷል። በራሳቸው ተሸክመው ያከበሩት ደግሞ ቄሱ አባቴ ነበሩ።

ገበሬውን ከአፋፉ አስወጥቼ ወደ ሕዝቡ ሮጥሁ። ጮህሁ፤ እልልታው ዋጠኝ። ምንጣፍ አንጣፊዎቹ ዞር በል እያሉ ገፈተሩኝ። ሌላ ምንም ስላልመጣልኝ እጄን ዘርግቼ መንገዱ መሀል ቆምሁ። ታቦት ፊት መቆም! አድርጌዋለሁ ብዬ ዛሬም አላምንም።

አባቴ ቆሙ። መጎናጸፊያው እስከ ዓይናቸው ወርዷል፤ ፊታቸው አይታይም። ከኋላ አንዲት ሴት «ታቦቱ አልሄድም አለ» አለች፤ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ ሕዝቡ ሁሉ ተንበረከከ። እግዚኦታው እንደተጀመረ ከኋላዬ እህል ከጎተራ ሲለቀቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል መንገዱ ከነቄጠማው ወርዷል። ከበሮ መቺው እጁን ከበሮው ላይ እንዳሳረፈ ቀረ። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ታቦቱ ከካባው በሚርቀው በታችኛው መንገድ ዞሮ ሄደ። አገሩ ሁሉ ታምሩን አወራ፤ እኔም አብሬ አወራሁ።

በዓሉ አልፎ ከአባቴ ጋር እቤት ስንቀመጥ «አባባ፣ እንዴት ቆሙ? አያዩኝም ነበር እኮ» አልኋቸው።

«ታቦት ሳከብር የሚታየኝ ከፊቴ ያለው መሬት ብቻ ነው» አሉ። «ያንተን ጫማ አየሁ። ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። ልጄ ታቦት ፊት በጫማ ከቆመ፣ ከኋላው ሞት አለ አልሁ።»