እናቴን ለማምጣት በብስክሌት

የጎማ ማስቲሽ ሽታ አፍንጫዬ በገባ ቁጥር፣ ሌላው ሰው የልጅነቱን ነገር አስታውሶ ፈገግ በሚልበት ቦታ ላይ እኔን ንዴት ይቀድመኛል። በቅርቡ እንኳ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ቆሜ፣ ጎሚስታው የቀባውን ጎማ እፍ እያለ ሲያደርቅ፣ ያ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ መጣና ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው ቁልቁለት መሐል አባቴ ተንበርክኮ፣ እኔ የመንፊያውን ጫፍ ይዤ፣ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆማ ታየችኝ።

ሰሞኑን በብስክሌት ገጠር ለገጠር መዞር ነፍስን ያድሳል የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። ሸለቆ ወርደው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ በባሕር ዳርቻ ነድተው ራሳቸውን ያገኙ ሰዎች የጻፉትን ብዙ አንብቤአለሁ። እኔም በልጅነቴ ለቀናት የዘለቀ የብስክሌት ጉዞ ሄጃለሁ፤ ያገኘሁት ነገር ቢኖር እሾህ ነው።

አባቴ ይመር በመካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ልብስ ይሰፋ ነበር። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናውን በእግሩ እየመታ አንድ ስንዝር ሳይንቀሳቀስ ይውላል፤ ይህ ነገር ሳያበሳጨው አልቀረም። አንድ ክረምት ጎረቤታችን ሰይድ ከጅዳ ተመልሶ መጣ። ሻንጣ፣ ቴፕና ብርድ ልብስ ብቻ ሳይሆን አንድ አረንጓዴ ብስክሌትም ይዞ ነበር። ዝናቡ ሲያይል በረንዳው ላይ ተጠልሎ ስለ ጅዳ ባሕር ዳርቻ ያወራ ነበር፤ መንገዱ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው፣ ነፋሱ ከኋላ ይገፋሃል፣ ወላሂ ፔዳል ሳትመታ ራሱ ይሄዳል ይል ነበር። አባቴ መርፌውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር። ባሕር አይቶ ስለማያውቅ፣ የሚያስኬደው ለጥ ያለው መንገድ መሆኑን ረስቶ ብስክሌቱ ነው ብሎ ያመነ ይመስለኛል።

እናቴ ወርቄ በቅሎ ነበረቻት። ስትዳር አባቷ የሰጣት ናት። ቤተ ክርስቲያን የምትስመው፣ ገበያ የምትወጣው፣ ዘመድ የምትጠይቀው በሷ ነበር፤ ከቤታችን ንብረት ሁሉ ማንም ሳይጠየቅ የእናቴ የሚባል እሷ ብቻ ነበረች። ነሐሴ ላይ እናቴ ለልቅሶ ወደ ወግዲ ስትሄድ፣ ጭቃው በቅሎዋን ያዳልጣል ብላ ከሰዎች ጋር በእግሯ ሄደች። ስትመለስ በቅሎዋ የምትታሰርበት ግንድ ባዶውን ቆሟል።

«በቅሎዬስ?» አለች።

አባቴ ግድግዳ የተደገፈውን ብስክሌት በአገጩ አሳያት። «ሰይድ ጋር ተለዋወጥን። በቅሎ ትበላለች፣ ይሄ አይበላም።»

እናቴ መልሷን ያቆየችው ለሚቀጥለው ገበያ ቀን ነው። በረንዳው ላይ ደንበኞች ተሰብስበው ሳለ ከፊቱ ቆማ፣ «በቅሎዋ ካንተ ትሻል ነበር፤ እሷ ቢያንስ ወዴት እንደምትሄድ ታውቃለች» አለችው። ገበያው ሳቀ። አባቴ ቀና ሳይል ስፌቱን ቀጠለ፤ በኋላ እንደታየው ግን የሰውየውን እጀ ጠባብ ሁለቱንም እጅጌ በአንድ በኩል ነበር የሰፋው።

መስቀል እንዳለፈ እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ከላላ አባቷ ቤት ሄደች። እኔን ትታኝ ነበር የሄደችው። ጎረቤቶች ይህንን መልካም ምልክት ነው አሉ፤ ልጇን ይዛ የወጣች ፈታች ይባላል፣ ልጇን ትታ የወጣች ግን አኩርፋለች ነው፣ ትመለሳለች። ነገር ግን ኩርፊያም ቀን አለው። እህል ገብቶ እስኪያልቅ ሽማግሌ ካልተላከ፣ ባልየው ትቷታል ማለት ነውና አባቷ ሌላ ነገር ማሰብ ይጀምራል። የሚላከው ሽማግሌ ነው፣ ባልየው አይሄድም፤ ሴቲቱም በእግሯ አትመለስም፣ በቅሎ ይሄድላታል። ይህን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። አባቴም ያውቃል።

«ይመር፣ ሁለት ሰው እንላክልህ። በቅሎም ለምነን እናገኛለን» ይሉት ነበር።

«ሚስቴን ለማምጣት የሰው አፍ አልዋስም» ይል ነበር አባቴ።

እኔ በየማታው የገብሱን ማሳ እያየሁ፣ በቶሎ እንዳይደርስ እጸልይ ነበር። በአገሩ እህል አይድረስ ብሎ የጸለየ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ጥቅምት ሲገባ፣ ገብሱ ቢጫ መምታት ሲጀምር፣ አባቴ አንድ ማለዳ ብስክሌቱን በዘይት ጨርቅ ወልውሎ፣ ማስቲሽና መንፊያ በከረጢት ቋጥሮ፣ «ተነስ፣ እናትህን እናምጣ» አለኝ። በኋላው መጫኛ ላይ ትራስ አሰረበት። ትራሱ ስንሄድ ለእኔ፣ ስንመለስ ለእሷ መሆኑ ነው።

መቼም ሐቅ ሐቅ ነውና፣ የመጀመሪያው ሰዓት ድንቅ ነበር። ከከተማው እንደወጣን ሜዳው ለጥ ብሎ፣ ጤዛው በሁለቱም በኩል እያበራ፣ የአባቴ ኮት ነፋስ ሞልቶት ፊቴን እየመታኝ፣ ውሾች እየጮኹ እየተከተሉን፣ ገበሬው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ቀና እያለ ሲያየን፣ አባቴ ያለ ምክንያት ደወሉን ይመታ ነበር። ከዚያ በኋላ ሜዳው አለቀ። የእኛ አገር ሜዳ ያልቃል፤ ጠረጴዛ እንደሚያልቅ ነው የሚያልቀው። ከጫፉ ቆመን ወደታች ስናይ መንገዱ እንደ ፍየል በጠጥ በድንጋይ መሐል ተበትኗል።

ቁልቁለቱን ፍሬኑን ጨብጠን ወረድን፤ ፍሬኑ ብዙም ሳይቆይ ተበጠሰ። ከዚያ አባቴ መሪውን፣ እኔ መጫኛውን ይዘን ወደ ኋላ እየጎተትን፣ እንደማትታዘዝ ጊደር እየተሟገትነው ወረድን። የግራር እሾህ ጎማውን ይበሳዋል፣ አባቴ ይንበረከካል፣ ይፈገፍጋል፣ ይቀባል፣ እኔ እነፋለሁ፤ ተነስተን ጥቂት እንደሄድን ሌላ እሾህ። በየደረስንበት መንደር ደግሞ ሳትቀምሱ አታልፉም እየተባለ ልጓም እንደያዙት ፈረስ መሪያችን ይያዝ ነበር። እንግዳ ተቀባይነታችን ሲወደስ በሰማሁ ቁጥር፣ እናቱን ለማምጣት የቸኮለ ሕፃን በያንዳንዱ ደጃፍ ንፍሮ እየበላ ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው የሚናገር ሰው አጣለሁ።

«ወዴት ናችሁ?» ይላሉ።

«ለሥራ ነው» ይላል አባቴ።

በዚያ ቀን ከቁልቁለቱ ሥር ካለው ወንዝ አልደረስንም፤ አንድ ገበሬ ቤት አደርን። በማግስቱ ከወንዙ ስንደርስ ማስቲሹ አልቆ ነበር። ሙቀቱ ሌላ አገር ያስመስለዋል፤ ማሽላው ከአባቴ ቁመት በላይ ነው። ብስክሌቱን በትከሻው አድርጎ ውኃውን ሲሻገር አንሸራተተውና የፊት ጎማው ቋጥኝ ላይ ወድቆ እንደ ቂጣ ተጣመመ። በዚያው ቅጽበት ነበር ከኋላችን በበቅሎ የመጡ አንድ ሽማግሌ የደረሱብን። ሼህ አህመድ ይባላሉ፤ ከገበያ ከላላ ወዳለው ቤታቸው መመለሳቸው ነበር።

«ደህና ዋላችሁ። አብሽሩ፣ አብሽሩ» አሉና ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ብስክሌቱን ትክ ብለው አዩት። «ያረቢ! አሁን አንተ ነህ እሱን የምትጋልበው፣ ወይስ እሱ ነው አንተን?»

«ዳገቱን እንደወጣን እጋልበዋለሁ» አለ አባቴ።

«ዳገቱንማ እንዲህ ሆኖ አያየውም» አሉና ወረዱ። ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁት። አባቴ ለሥራ ነው ሲል፣ እኔ አላስቻለኝም፤ «እናቴን ልናመጣ ነው፣ አኩርፋ ነው» አልኩ። ሼሁ አባቴን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ብስክሌቱን አንስተው በበቅሏቸው ላይ በጠፍር አሰሩት። ያን ዳገት እኛ ሦስታችን በእግራችን፣ ብስክሌቱ በበቅሎ ወጣን።

ከአያቴ ቤት ስንደርስ ማጭድ የያዘው ሁሉ እኛን ለማየት ሥራውን ትቶ ነበር። እናቴ ውኃ ይዛ ወጣች፤ እኔን ሳመችኝ፣ እንደ ገና አገላብጣ ሳመችኝ፣ ለአባቴ ግን ውኃውን ጎንበስ ብላ እያፈሰሰች፣ «እንደምን ሰነበቱ» አለችው። አንቱ አለችው! እንደማታውቀው እንግዳ። አባቴ እጁን ረጅም ጊዜ ታጠበ።

ከዚያ የሆነውን ዛሬም ሳስበው ያመኛል፤ ምንም አልሆነም። አያቴ ስለ ዝናቡ ጠየቀ፣ ስለ ገብሱ ጠየቀ፣ ስለ ስፌት መኪናው ጤንነት ጠየቀ። መሸ፣ ነጋ፣ እንደ ገና ስለ ገብሱ ጠየቀ። አባቴ ጉሮሮውን በጠረገ ቁጥር፣ «ብላ እንጂ ይመር፣ አልተስማማህም?» ይለው ነበር። ነገሩ የገባኝ ሼህ አህመድ የደረስንበትን ሊጠይቁ መጥተው ከደጅ አባቴን ሲገሥጹት ነው። «ባል ለራሱ ሽማግሌ አይሆንም፤ አማትህ ላንተ ምን ብሎ ይመልስ? እስክትሞት ያበላሃል እንጂ።» ከዚያም ነጠላቸውን አስተካክለው ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለሽምግልና መምጣታቸውን ተናገሩ።

«ሼሁ፣ ማን ላከዎት?» አለ አያቴ።

«በቅሎዬ ናት ያመጣችኝ» አሉ። «አላህ ካመጣኝ ግን እቀመጣለሁ።»

አያቴ ከትናንት ጀምሮ ይህን ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ፊቱ ፈካ። ተቀመጡ። እናቴ ከመጋረጃው በስተጀርባ ነበረች፤ የእግሯ ጣቶች በታች ይታዩኝ ነበር። ሼሁ ዱዓ አደረጉና ወደ አባቴ ዞረው፣ «በል ይመር፣ እንግዲህ ያለህን በል» አሉት።

የሚጠበቅበት «ጥፋቴ ነው» ማለት ነው። ሁለት ቃል ናት። እኔ በልቤ አሥር ጊዜ አልኩለት።

አባቴ ባርኔጣውን በእጁ አዞረው፣ አዞረው፣ ከዚያም፣ «ጎማው ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው» አለ።

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ከመጋረጃው በስተጀርባ ማልቀስ ይሁን መሳቅ ያልለየሁት ድምፅ ተሰማ። በመጨረሻ እናቴ ወጣችና ከማንም ጋር ሳትመካከር ፈረደች፤ «ሼሁ በቅሎዎን ካዋሱኝ እሄዳለሁ። እሱ ያመጣውን እሱ ይሸከም።»

እንዲህ ሆኖ ተመለስን። ሼሁ በቅሎዋን ይስባሉ፣ እናቴ ትጋልባለች፣ እኔ ከኋላዋ ተፈናጥጫለሁ፣ አባቴ ብስክሌቱን በትከሻው ይዞ ይከተላል። ዞር ዞር እያልኩ አየው ነበር። ሲያልበው ይቆማል፣ ትከሻ ይቀይራል፣ እንደ ገና ይነሳል። አሁን ይላታል፣ አሁን ይላታል እያልኩ ቁልቁለቱ አለቀ። ከወንዙ ዳር መጥቶ እርካቧን ያዘላትና አፉን ከፈተ። «ውኃው ቀንሷል» አላት። «አይቼዋለሁ» አለችው። ከጥላ ስናርፍ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጦ ኮርቻው እንዳይላላ ነገራት። ዳገቱን ስንጨርስ ተስፋዬም አለቀ።

ከተማው መዳረሻ ሜዳ ላይ ስንደርስ አባቴ ብስክሌቱን አውርዶ፣ የተጣመመውን ጎማ በእግሩ ረግጦ እንደ ነገሩ አቃንቶ፣ ጎማው ነፋስ ሳይኖረው ዘሎ ወጣበት። እየተንቋቋ፣ እየተንገዳገደ፣ ደወሉን እየመታ ቀድሞን ከተማ ገባ። ይመር ሚስቱን በብስክሌት ሄዶ አመጣ ተብሎ ለብዙ ጊዜ ተወራ። ሼህ አህመድ ገና በዚያው ዕለት ይህን ሲሰሙ «ሱብሐነላህ» ብለው በቅሏቸውን አዞሩ። እናቴ አላጋለጠችውም፤ በዚያው ሳምንት እህሉ ገባ።

አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ፣ ተሸክሞ መሄዱ ራሱ ይቅርታ አይደለም ወይ፣ የዚያ ዘመን ሰው በሥራው እንጂ በአፉ አይናገርም ይሉኛል። አባባሉ ያምራል፤ አልስማማበትም። ከሰው ኋላ የሚሄድ ሸክም ለፊተኛው አይታይም። ሁለት ቃል ከብስክሌት ይከብዳል የሚለኝ ሰው ብስክሌት ተሸክሞ ዳገት አልወጣም።

ባለፈው ዓመት ለሠርግ ከእናቴ ጋር በሚኒባስ ወደ ከላላ ሄድን። ከፊታችን ከዓረብ አገር የተመለሰች ወጣት ተቀምጣ ነበር፤ ባሏ የላከላትን የድምፅ መልእክት ስልኳን ከፍ አድርጋ ታሰማለች፤ በቃ ይቅርታ፣ ይቅርታ አልኩሽ እኮ፣ ይቅርታ የኔ ማር ይላል። ሳትጨርሰው ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲጀምር እናቴን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ አባዬ ያኔ ስንመለስ በዚህ መንገድ ምንም አላለሽም?»

«ምን ይለኛል?»

«ጥፋቴ ነው፣ ምናምን።»

«አላለኝም።» ወደ መስኮቱ ዞረች። ወንዙ ላይ ኋላ የተሠራውን ድልድይ አለፍን። ከዚያ፣ «ስጠብቀው ነበር» አለች። «ከከላላ እስከ ቤት ድረስ ስጠብቀው ነበር። እሱም ይጠብቀኝ ነበር መሰለኝ፣ በገበያ መሐል ያን ያህል ሰድቤው። እኔም አላልኩት።»

ያኔ ሁለቱ ይህችን ነገር ለመባባል ቁልቁለትና ዳገት ሙሉ ቀን ነበራቸው። እናቴ ገና ሌላ ነገር ልትጨምር አፏን ስትከፍት ሚኒባሱ ዳገቱን ጨርሶ ነበር፤ ረዳቱም «ከላላ ወራጅ!» አለ።